በቀኝ በኩል

«ይሄ ፊርማ የማን ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ስልኳን መምህርቷ ጉልበት ላይ አስቀምጣ ነው የጠየቀችው። ድምጿን ዝቅ ስላደረገች አጠገባቸው የተቀመጡት ሁለት አሮጊቶች ስለ ወገብ ሕመም የያዙትን ወሬ አላቋረጡም። ሳሎኑ ሙሉ ነው። ከትምህርት ቤት በውሰት የመጡት የተማሪ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፤ ትልልቅ ሰዎች በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ሻይ ይጠጣሉ። የመምህርቷ ባል ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

መምህርቷ መነጽሯን በእጇ ፈለገች። ሰሞኑን የሚነበብ ነገር ስላልነበረ የት እንደጣለችው አታውቅም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየች። የሰፈሩ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ፎቶ ነው።

«ያንቺ ይመስለኛል» አለች።

«የኔ ነው። ማን አስፈረመኝ?»

መምህርቷ ፊርማውን እንደገና አየች።

«አንቺ ነሽ ቲቸር። በሬን አንኳኩተሽ፣ እስክሪብቶውን ራስሽ እጄ ላይ አድርገሽ። ‹ስብሰባው ላይ መገኘትሽን ለማሳወቅ ነው› አልሽኝ። አሁን ከላይ ያለውን አንብቢው።»

ከላይ ያለው በእጅ የተጻፈ ነው። ጽሕፈቱን ለመለየት መነጽር አላስፈለጋትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፍሪጁ በር ላይ «ጋዝ አልቋል»፣ «ቁልፉ ጎረቤት ነው» እያለ ማስታወሻ ሲተውላት የኖረ እጅ ነው። «እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ነዋሪዎች፣ መንገዱ በቀኝ በኩል እንዲሰፋ በቀረበው አማራጭ ላይ ተወያይተን ተስማምተናል» ይላል።

በቀኝ በኩል ማለት በነሱ በኩል ማለት ነው።

«ዛሬ ጠዋት የሚፈርሱትን ቤቶች ሊቀቡ ቀይ ቀለም ይዘው መጡ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከኔ በር ጀምረው እስከ ድልድዩ ድረስ። አዲሱ ክፍሌ ላይ ሳይቀር ቀቡበት። ያንቺን ግድግዳ ለቅሶ ቤት ነው ብለው ለነገ አቆዩት መሰለኝ።»

ስልኳን አንሥታ ቆመች። ከዚያ ሌሎቹ እንዲሰሙት ጮክ ብላ «ፈጣሪ ያጽናሽ» አለችና ሻይዋን ሳትቀምስ ወጣች።

ሰፈሩ ሟቹን «ኢንጂነር» እያለ ነበር የሚጠራው። የመንገዶች መሥሪያ ቤት የአካባቢ ጥናት ክፍል ባልደረባ ነበር፤ መንገድ ከመሠራቱ በፊት መንገዱ ምን እንደሚያጠፋ የሚያጠና ሰው። ዛፍ ይቆጥራል፣ አቧራ ይለካል፣ ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ያስመረምራል፣ በየሰዓቱ ስንት መኪና እንደሚያልፍ መንገድ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይመዘግባል። የራሳቸው ሰፈር መንገድ እንዲሰፋ ተወስኖ ጥናቱ ለሱ ሲመራለት፣ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ከበር ጀምሮ እየተጣራ ነበር የገባው።

ቢደሰት አይፈረድበትም። መንገዱ ሁለት መኪና እየተሻሸ የሚያልፍበት ነው። ጠዋት ጠዋት ሚኒባሱ፣ ሲሚንቶ የጫነው መኪና፣ የእጅ ጋሪውና የተማሪ አውቶቡሱ ተቆላልፈው ይቆማሉ። የሰፈሩ ሰው «ከቸኮልክ በእግርህ ሂድ፣ ካልቸኮልክ ታክሲ ያዝ» እየተባባለ ይስቅ ነበር።

አንድ ጊዜ የድምፅ መለኪያውን ይዞ ክፍሏ ገባ። ትምህርት ቤቱ መንገዱ ዳር ነው። አርባ ሁለት ልጆች «ጩኹ!» ሲላቸው ጣራው እስኪነሣ ጮኹ፤ መሣሪያው ላይ ያለው ቁጥር ወደ ላይ ተተኮሰ። ቀጥሎ ዝም አሰኛቸው። ወዲያው በመስኮቱ በኩል አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ሲለቀው ቁጥሩ ከልጆቹ በልጦ ወጣ። «አያችሁ? ረባሾቹ እናንተ አይደላችሁም» ሲላቸው ልጆቹ ዴስክ እየደበደቡ ሳቁ። እሷም በእጇ ጠመኔ እንደያዘች ሰሌዳው ጋ ቆማ ያን ቀን እንደ አዲስ ወደደችው።

የሞተውም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ረፋድ ላይ ደረቱን ሲይዘው የልብስ ሰፊዋ ባል፣ ባለታክሲው፣ ቁርሱን ጥሎ መኪናውን አስነሣ። ሆስፒታሉ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ አሸዋ የጫነ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶታል። ባለታክሲው ጥሩንባውን በመዳፉ እየደበደበ፣ አንዴ እየተሳደበ፣ አንዴ ወርዶ እየለመነ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆሙ። ኢንጂነሩ ራሱን ሚስቱ ትከሻ ላይ እንዳስደገፈ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አለፈ። ሆስፒታሉ በር ላይ አቅፎ ያወረደው ባለታክሲው ነው። መሬት ላይ ተቀምጦ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ያለቀሰውም እሱ ነው።

አሁን እንግዶቹ መሐል ተቀምጣ ውስጧን የሚያንገበግባት ይሄ ነበር። ሰውየው ያለቀሰው ቤቱን አሳልፎ ለሰጠበት ሰው ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጡ። መምህርቷ ከትናንት ጀምሮ ለዚያ ወረቀት አንድ ምክንያት ብቻ ነበር ያገኘችለት፤ አስገድደውታል። ከላይ የታዘዘ ነገር ነው፣ አማራጭ አሳጥተውት ነው። ይህን ምክንያት እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ ስታገላብጠው ነው የዋለችው። ስለዚህ የባሏ አለቃ የነበረው የቡድን መሪ ተራውን ጠብቆ እጇን ሲጨብጣት ለቀቅ አላደረገችውም።

«አንዴ ወደ ጓሮ ብቅ ይበሉልኝ።»

ልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆሙ። ገመዱ ላይ እሁድ ዕለት የታጠበ የሟቹ ሸሚዝ እስካሁን አልተነሣም። የቡድን መሪው እንዳያየው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«አስገድዳችሁት ነው?» አለችው።

«ማንን? ኢንጂነርን?» ሊስቅ ቃጣውና ራሱን ገታ። «እሱን ማን ደፍሮ! እኔ ነኝ እንጂ የተገደድኩት። በግራ ይስፋ ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ፤ ብዙ ቤት የለበትማ። እሱ ግን እጄን ይዞ ወስዶ በግራ በኩል ያሉትን ሦስቱን የውኃ ጉድጓዶች አሳየኝ። መንገዱ በዚያ ካለፈ ጉድጓዶቹ ይደፈናሉ። የግማሽ ከተማ ውኃ ነው። ጤና ጣቢያውም ይፈርሳል። በቀኝ ሠላሳ አንድ ቤት ነው ያለው። ‹ቤት ሌላ ቦታ ሊሠራ ይችላል፤ ይሄን ውኃ ግን ከየት አመጣዋለሁ?› አለኝ። ልክ ነበር። ዛሬም ልክ ነው።»

«የራሱም ቤት እኮ አለበት።»

«አውቃለሁ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በዚያ ነው ያከበረው።»

ይሄ መልስ አሳረፋት ማለት ይቻላል። ከዚያ የፈራችውን ጠየቀች።

«ተስማምተዋል የሚለውስ ወረቀት?»

የቡድን መሪው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ደንቡ፣ አማራጩ ከተመረጠ በኋላ ነዋሪው ዳግመኛ ተሰብስቦ ይነገረዋል፣ ሐሳቡን ይሰጣል ይላል። ሁለት ጊዜ አስታወስኩት። ‹ሁለተኛ ስብሰባ አያስፈልግም፣ ባለቤቴ ቤት ለቤት ዞራ አስረድታቸዋለች፣ ተስማምተው ፈርመዋል› አለኝ። እርስዎን እያመሰገንኩ ነበር እኮ። ስህተት አለው እንዴ?»

«መቼ ነው ያለዎት?»

«ጥናቱን ሲያስረክብ። አራት ወር ይሆነዋል።»

አራት ወር። መምህርቷ የቡድን መሪውን ሸኝታ ወደ ሳሎኑ አልተመለሰችም። ወጥ ቤት ገብታ፣ የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ስብሰባው ከሰባት ወር በፊት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር የተደረገው። ኢንጂነሩ ካርታ ሰቅሎ ግራ፣ ቀኝ፣ ሁለቱም እያለ አማራጮቹን አሳየ፤ ምንም እንዳልተወሰነ ተናገረ፤ ሰዉ ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ ተበተነ። በማግስቱ አንድ ወረቀት ሰጣት። ከላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ነበረው። «አንቺን ያምኑሻል። የተገኙት ሰዎች ይፈርሙልኝ፣ ለመዝገብ ያህል ነው» አላት። ያን ጊዜ አስቦበት ይሁን፣ ወይስ ቀኑ ሲያጥርበት ነው ወረቀቱ ትዝ ያለው? የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም። የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ከሁሉ በላይ አናደዳት። አፉ የተሸረፈ አንድ ብርጭቆ እጇን ቆረጣትና ደሙ ከሳሙናው ጋር ሲወርድ ቆማ አየችው።

ከሁለት ወር በፊት ልብስ ሰፊዋ አጥሩን ተደግፋ «ቲቸር፣ እስቲ ኢንጂነርን ጠይቂልኝ። ወደ መንገዱ አንድ ክፍል ልጨምር አስቤያለሁ፤ ደንበኛ እያየኝ ብሰፋ ይሻለኛል። መንገዱ ይነካኝ ይሆን?» ብላት ነበር። መምህርቷ ምሳ ላይ ጠየቀችው። ሾርባውን እየጠጣ ነበር።

«ትሥራ» አለ። «ምን ችግር አለው?»

ቀና አላለም። እሷ ያችን «ትሥራ» ይዛ ምሳዋን ሳትጨርስ አጥሩን ዞራ የምሥራች ለመንገር ሮጠች። ግንበኞቹ በሳምንቱ ገቡ። ኢንጂነሩም ከሥራ ሲመለስ ቆም እያለ «በርቱ» ይላቸው ነበር።

የአባቷ ሞት ትዝ አላት። መርዶውን ቀድሞ የሰማው እሱ ነበር። ከክፍል አስጠርቶ «አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ እንሂድ» አላት። ሰባት ሰዓት በአውቶቡስ ተጓዙ። ሰባት ሰዓት ሙሉ ብርቱካን እየላጠ አጎረሳት፣ ስለ ተማሪዎቿ ጠየቃት፣ እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ አስቋት ነበር። አባቷ ደጅ ላይ የቆመውን ሕዝብ ስታይ ነው የገባት። ያኔ ለጓደኞቿ «እንዲከፋኝ ስላልፈለገ ነው፣ ሆዱ እኮ ቡቡ ነው» ብላ አውርታለች። አሁን እጇን በፎጣ ጠቅልላ ስታስበው፣ የታደገው እሷን አልነበረም። ፊቷ ሲለወጥ ማየት ስላልቻለ መንገሩን ደጅ ላይ ለቆሙት ሰዎች ተወላቸው። ለሠላሳ አንዱ ቤትም መንገሩን ለቀይ ቀለሙ ተወለት።

በአምስተኛው ቀን ወንበሮቹ ግማሽ ያህሉ ባዶ ነበሩ። በቀኝ በኩል ካሉት ጎረቤቶች አንድም አልመጣም። የሟቹ ታላቅ እህት ከሩቅ አገር መጥታ የሰነበተች፣ ወንድሟን እንደ ልጇ ያሳደገች ሴት ናት። በር በሩን እያየች «ሰዉ ምን ሆነ? አምስት ቀን ሳይሞላ ይሰለቻል እንዴ?» አለች።

«ልብስ ሰፊዋ ቤት ተሰብስበው ነው» አለች መምህርቷ። ጫማዋን እያደረገች ነበር። «አቤቱታ እየጻፉ ነው። የማመልከቻው ቀን ነገ ያበቃል።»

«ታዲያ አንቺ የት ልትሄጂ ነው?»

«እነሱ ጋ።»

ታላቅ እህቱ የወረቀቱን ነገር ትናንት ከመምህርቷ ሰምታለች፤ ሰዉ የቀረው በዚያ መሆኑ ግን ገና አሁን ገባት። ተነሥታ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። «አፈሩ እንኳ አልደረቀም። እባክሽ ሙት ወቃሽ አትሁኚ። ምን ቸገረሽ? ዝም ብትዪ ማን ይጠይቅሻል? ሐዘንተኛ ነሽ።»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ ያስፈረምኳቸው።»

«ሳታውቂ ነዋ!»

«እሱ ግን እያወቀ ነው የጻፈበት። ሌላ ሴት ይዞ ቢሆን ኖሮ ለራሴ አልቅሼ እተወው ነበር። እሱ የሸጠው የኔን ስም ነው። ‹ቲቸር ካለች እውነት ነው› የሚሉኝን ሰዎች። እትዬ፣ ያሳልፉኝ።»

ታላቅ እህቱ በሩን አልከፈተችላትም፤ ግን ዘወር አለችላት።

የልብስ ሰፊዋ አዲስ ክፍል ገና ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። የስፌት መኪናዋ ጥግ ላይ በላስቲክ እንደተሸፈነ ነው፤ አንድ ደንበኛ እንኳ አላስተናገደችበትም። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። መሐል ላይ ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት ጸሐፊ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተው ይጽፋሉ። መምህርቷ ጥቁሯን እንደለበሰች ስትገባ ጨዋታው ቀጥ አለ። አንዱ ወንበር ሊለቅላት ተነሣ፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችውና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ልናገር መጥቼ ነው» አለች። «ያ ወረቀት ላይ የፈረማችሁት መገኘታችሁን ለማሳወቅ ብቻ ነው። እኔ ነኝ ያዞርኩት። ሳዞረው ከላይ ምንም አልተጻፈበትም ነበር። ስለመስማማት የሚለው በኋላ የገባ ነው። ይሄን የትም ቦታ እመሰክራለሁ።»

ቀድሞ የተናገረው ባለታክሲው ነበር። ያን ቀን ጥሩንባውን ሲደበድብ የቆሰለው መዳፉ ላይ የተጠቀለለው ፋሻ ገና አልተፈታም።

«ብዬ አልነበር!» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ኢንጂነር እንዲህ አያደርግም አላልኳችሁም? ሌላ ሰው ነው የጨመረበት። እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ አንዱ ሌባ ነው። አይደለም ቲቸር?»

ሁሉም እሷን አዩ። ባለታክሲው ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ «አዎ» እንድትለው እየለመናት ነበር። ቀላል ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ናት። «አዎ» ብትል ወንበሮቹ ዛሬውኑ ይሞላሉ፤ ኢንጂነሩም የሰፈሩ ኢንጂነር ሆኖ ይቀራል። የቡድን መሪው ይሰደባል፤ ለሱ ምንም አይደለም፣ ሲሰደብ የኖረ ሰው ነው። በሩ ላይ ጥላ አየች። ታላቅ እህቱ ተከትላት መጥታ ደፉ ላይ ቆማለች።

«እጁ ነው» አለች መምህርቷ። «የሱ እጅ ጽሑፍ ነው። እሱ ነው የጻፈው።»

ባለታክሲው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ምክንያት ነበረው?» አሉ ጡረተኛው ጸሐፊ፣ እስክሪብቷቸውን ሳያነሡ።

«ነበረው።» ስለ ጉድጓዶቹ፣ ስለ ጤና ጣቢያው፣ የቡድን መሪው ስለነገራት ሁሉ አወራችላቸው። ክፍል ውስጥ እንደምታስተምረው ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትዘል ተናገረች። «ምርጫው ስህተት አይመስለኝም። ብትጠይቁኝ ዛሬም ቀኙ ነው የምል ይመስለኛል። የኔም ቤት አብሮ ይሄዳል።»

«ታዲያ ይሄን ለምን ራሱ አልነገረንም?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምጿ ከቁጣ ይልቅ ልመና ይመስል ነበር። «ውኃ እንደሆነ አይገባንም? ሰው አይደለንም? ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ይሄን ድንጋይ አስቆልል ነበር? ሲያልፍ እኮ ‹በርቱ› ይለን ነበር።»

«አልቻለም» አለች መምህርቷ። «ለኔም አልነገረኝም።»

ማንም አላጽናናትም፤ ማንም አልሰደባትም። ጡረተኛው ጸሐፊ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጽሑፋቸውን አቃኑት። መንገዱ ይቅር የሚለውን ሰርዘው፣ ፊርማችን ያለ ፈቃዳችን ስለዋለ ሁለተኛው ስብሰባ ይጠራልን፣ ፊት ለፊት ይነገረን፣ የምንሄድበትም ቦታ አብረን እንምከርበት ብለው ጻፉ። አንድ ሁለት ሰዎች አጉረመረሙ። አብዛኛው ተስማማ።

«ከማን እንጀምር?» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወደ መምህርቷ ገፋችው። «ከሷ» አለች።

መምህርቷ የስፌት መኪናው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሠንጠረዡ አጭር ነው። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ በቤቱ የሚኖር ሰው ብዛት፣ ፊርማ። ስሟን ጻፈች። የቤት ቁጥሩን ጻፈች። ሦስተኛው ላይ እጇ ሳያመነታ «ሁለት» ብሎ ጻፈ።

አየችው። ልብስ ሰፊዋም ከትከሻዋ በላይ አየችው። ታላቅ እህቱ ከደፉ ላይ ሁለት እርምጃ ገብታ ቆመች።

መምህርቷ በቃሉ ላይ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር አሳለፈችና ከጎኑ «አንድ» ብላ ጻፈች። ኢንጂነሩ ሁልጊዜ ስርዝ ካለ አጠገቡ ካልተፈረመ ወረቀቱ አይታመንም ይል ነበር። እስክሪብቶውን አጥብቃ ይዛ፣ ከስርዙ አጠገብ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ፈረመች።